በብሪታንያ ፈቃድ ያለው የቁማር ድረ ገጽ ወይስ የባሕር ማዶ ካሲኖ? የሚያውቅ ያስረዳኝ

የሌሊት ሾፌር

ሰላም ወገኖች። ለንደን ውስጥ በሌሊት ታክሲ አሽከረክራለሁ። ተሳፋሪ በሚጠፋበት ሰዓት ስልኬ ላይ ብላክጃክ የሚባለውን የካርታ ጨዋታና ስሎት የሚባለውን የሚሽከረከር የቁማር ማሽን እጫወታለሁ። የምጫወተው የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ተከፍሎ በሚተርፈኝ ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ተው» የሚል ምክር ፍለጋ አልመጣሁም፤ እሱን ቤቴ ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። የምጫወትበት ድረ ገጽ የብሪታንያ ቁማር ኮሚሽን ፈቃድ ያለው ነው። ሰሞኑን ምንም ሳይነግረኝ መለያዬን አግዶ የሦስት ወር የባንክ መግለጫና የገቢ ማስረጃ ላክ አለኝ። የገዛ ገንዘቤን ለማውጣት እንደ ብድር ጠያቂ ልመረመር ነው? በስሎት ላይ በአንድ ዙር ከ5 ፓውንድ በላይ ማስያዝ ተከልክሏል። ቦነሱም እንደ ድሮው አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሱ የሚጫወትበትን አሳየኝ። ፈቃዱ የኩራሳዎ፣ የካሪቢያኗ ደሴት ነው፤ ያስገባኸውን ያህል ቦነስ ይጨምርልሃል፤ ወሰን የለውም፤ በክሪፕቶ ይከፍላል፤ የባንክ ወረቀት የሚባል ነገር አያነሳም። እንግሊዝ አገር ተቀምጦ እዚያ መጫወት ወንጀል ነው? ካልሆነስ ሰው ለምን ፈቃድ ባላቸው ቤቶች ይንገላታል?

ደሴተኛው

ወንጀል አይደለም። የ2005ቱ የቁማር ሕግ የሚከሰው አቋማሪውን ነው። ያለ ኮሚሽኑ ፈቃድ ለብሪታንያ ነዋሪ ቁማር የሚያቀርብ፣ ያንንም የሚያስተዋውቅ ይጠየቃል፤ ተጫዋቹ አይጠየቅም። ያሸነፍከው ገንዘብም ግብር አይከፈልበትም።

እኔ ፈቃድ ካላቸው ቤቶች ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ያሸነፍኩትን በክሪፕቶ አወጣለሁ፤ ብዙ ሳይቆይ ይደርሰኛል፤ ማንም የደመወዝ ወረቀት አልጠየቀኝም። እዚህ አገር አዋቂ ሰው እንደ ሕፃን ይያዛል። የስሎቱ አንድ ዙር ከ2.5 ሴኮንድ ማነስ የለበትም፣ ማሽኑ በራሱ እንዲዞር መተው አይቻልም፣ በክሬዲት ካርድ መክፈል ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ክልክል ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ በኦንላይን ካሲኖ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከ21 ወደ 40 በመቶ ወጣ። ያንን የሚከፍለው ድርጅቱ ብቻ ነው ብለህ እንዳትሞኝ። ቦነሱ ሲሳሳ፣ ማሽኑ የሚመልሰው ሲቀንስ ከአንተ ኪስ ነው የሚወጣው። የባሕር ማዶው ቀረጡን ስለማይከፍል የተሻለ መስጠት ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው።

ሰባት እህቶች

ሾፌሩ ወንድሜ፣ ፈቃድ ባለው አንድ የኦንላይን ካሲኖ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዛሬ ሙያዬ ሌላ ነውና ለማንም ጥብቅና የመቆም ዕዳ የለብኝም።

ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ተቀላቅለውብሃል። አንደኛው በደንብ የተቀመጠ ነው፦ በ30 ቀን ውስጥ ያስገባኸው ካወጣኸው በ150 ፓውንድ ከበለጠ ድርጅቱ ስለ አንተ በይፋ የተመዘገበ መረጃ ያያል። ኪሳራ ታውጆብህ ያውቃል ወይ፣ ያልከፈልከው የፍርድ ቤት ዕዳ አለብህ ወይ የሚል ነው። በዚህ መጠን ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ይሠራበታል። አንተ ሳይሰማህ ያልፋል፤ የብድር ታሪክህንም አያበላሽም። የባንክ መግለጫ ጥያቄ ከዚህ አይመጣም። እሱ የሚመጣው የወንጀል ገንዘብን ለመከላከል ከወጣው ሕግና ድርጅቱ ደንበኛውን ከጉዳት እንዲጠብቅ ከተጣለበት ግዴታ ነው። መቼ እንደሚጠይቅህ የሚወስነው በአብዛኛው ድርጅቱ ራሱ ነው። አንዱ ቤት ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ለምን እንዲህ ፈሪ ሆኑ ብትል፣ ማርች 2023 ላይ የታወቀው አወራራጅ የዊልያም ሂል ኩባንያዎች 19.2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍሉ ተደረገ። ከጥፋቶቹ አንዱ አዲስ መለያ የከፈተ አንድ ደንበኛ በ20 ደቂቃ ውስጥ 23 ሺህ ፓውንድ ሲያጠፋ የጠየቀው ሰው አለመኖሩ ነበር። እንዲህ ያለ ቅጣት የሰማ ኃላፊ ለበታቾቹ «ከተጠራጠራችሁ አግዱ» ማለቱ አይቀርም። እኛም እናግድ ነበር። የምንልከው ደብዳቤ ሻካራ እንደነበረ አልክድም፤ ደንበኛው እንደ ሌባ የታየ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን በእጅህ ያለውን መብት እወቅ። ከሜይ 2019 ጀምሮ ስምህ፣ አድራሻህና ዕድሜህ መረጋገጥ ያለበት የመጀመሪያውን ውርርድ ከማድረግህ በፊት ነው። ቀደም ብሎ ሊጠይቅህ ይችል የነበረውን ማስረጃ ገንዘብ ልታወጣ ስትል ብቻ ጠብቆ ማምጣት በፈቃዱ ውል የተከለከለ ነው። ይህንኑ ጠቅሰህ በጽሑፍ ቅሬታ አስገባ። በስልክ አትጨቃጨቅ።

ሌላው ነገር፣ ቢሮው የት እንዳለ አትመልከቱ። ከታወቁት ቤቶች ብዙዎቹ መሥሪያ ቤታቸው ጂብራልታር፣ ማልታ ወይም አይል ኦፍ ማን ደሴት ነው። ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ ለብሪታንያ ነዋሪ የሚያቀርብ ሁሉ የትም ይቀመጥ የት የብሪታንያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጂብራልታር ያለው ፈቃድ ሊኖረው፣ ማስታወቂያው ለንደን ስልክህ ላይ የሚመጣው ደግሞ ላይኖረው ይችላል።

የቁጥር ሰው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ደሴተኛው «ሒሳቡ ቀላል ነው» ብሏልና እንሥራው።

100 ፓውንድ አስገብተህ 100 ፓውንድ ቦነስ ሰጡህ እንበል። «ቦነሱን ለማውጣት 40 እጥፍ ተወራረድ» የሚለው ውል በባሕር ማዶ ድረ ገጾች የተለመደ ነው። ይህ ማለት በድምሩ 4,000 ፓውንድ ማስያዝ አለብህ። ከመቶ 96 የሚመልስ ስሎት ብትመርጥ ከየመቶው 4 ፓውንድ ቤቱ ይወስዳል፤ ከ4,000 ላይ 160 ይሆናል። የ100 ፓውንድ ስጦታ በአማካይ 160 ፓውንድ ያስከፍልሃል ማለት ነው። አንዳንዶቹ እጥፉን የሚያሰሉት ባስገባኸውም ላይ ጨምረው ነው። ያኔ 8,000 ማስያዝና በአማካይ 320 ማጣት ይመጣል። አማካይ ስለሆነ አንድ ሁለት ሰው ሊያተርፍ ይችላል፤ ብዙው ሰው ግን ግዴታውን ሳያገባድድ ገንዘቡ ያልቅበታል።

ብሪታንያ ውስጥ ከጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ጀምሮ ጣሪያው 10 እጥፍ ነው። በዚያው በ100 ፓውንድ ቦነስ 1,000 ማስያዝ፣ በአማካይ 40 ማጣት፤ 60 ይተርፍሃል። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ቢያንስም የሚደርስህ ይበልጣል። አንተ ብላክጃክ እጫወታለሁ ስላልክ ደግሞ ይህን እይ፦ በአብዛኞቹ ውሎች ብላክጃክ ለዚህ ግዴታ ከመቶ 10 ብቻ ይቆጠራል ወይም ጨርሶ አይቆጠርም። ይህ የተጻፈው ማንም በማይደርስበት የውሉ ታችኛ ክፍል ነው።

ስለ ቀረጡ ግን ደሴተኛው እውነት አለው። 40 በመቶ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ከፊሉ ወደ ተጫዋቹ መውረዱ አይቀርም። የአንድ ስሎት አምራች ያንኑ ጨዋታ በተለያየ የመመለሻ መጠን አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ የሚመርጠው ካሲኖው ነው። ልዩነቱ እዚህ አገር መጠኑን ለተጫዋቹ የማሳየትና ጨዋታውን በገለልተኛ ተቋም የማስፈተሽ ግዴታ መኖሩ ነው። በባሕር ማዶው በኩል የታወቁ ጨዋታዎች የተጭበረበረ ቅጂ የተገኘባቸው ድረ ገጾች ነበሩ። ከመቶ 96 የሚለውን ጽሑፍ ማን እንዳጣራው ካላወቅህ ሒሳቡንም መሥራት አትችልም።

ደሴተኛው

ሒሳብህ መልካም ነው፤ እኔ ግን ቦነስ አልወስድም። «ያለ ቦነስ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ያኔ 40 እጥፉም የለም።

ሰባት እህቶችን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ፉትቦል ኢንዴክስን ታስታውሺያለሽ? የኮሚሽኑ ሙሉ ፈቃድ ነበረው። ሰዎች በተጫዋቾች ላይ «አክሲዮን» እየገዙ ያጠራቀሙትን አስገቡበት። ማርች 2021 ላይ ወደቀ፤ የሺዎች ገንዘብ ተያዘ። መንግሥት ያዘዘው ገለልተኛ ምርመራ እንኳ ኮሚሽኑ ቀደም ብሎ የተሻለ ማድረግ ይችል እንደነበር ነው የተናገረው። ታዲያ ያ ፈቃድ ለማን ጠቀመ? በርሚንግሃም ያለው የኮሚሽኑ ቢሮ ማኅተም ሲመታ ገንዘባችሁን ዋስትና የሰጠ አስመስላችሁ አታውሩ። ኩራሳዎም ቢሆን የድሮዋ አይደለችም። ጥቂት ባለ ዋና ፈቃዶች ለሌላው ሁሉ ንዑስ ፈቃድ የሚያከፋፍሉበት አሠራር ቀርቶ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ ፈቃዱን በቀጥታ የሚሰጠው የራሷ ባለሥልጣን ነው።

ሰባት እህቶች

ፉትቦል ኢንዴክስን ማንሳትህ ትክክል ነው፤ እኔም ከዚያ በላይ አልከራከርም። ፈቃድ ማለት ያስቀመጥከው ገንዘብ ዋስትና አለው ማለት አይደለም። ባንክ ሲወድቅ የሚከፍለው ዓይነት የመድን ተቋም ለቁማር የለም። ድርጅቱ ያለበት ግዴታ የደንበኛ ገንዘብ በምን ደረጃ እንደተጠበቀ መናገር ብቻ ነው፤ «አልተጠበቀም»፣ «መካከለኛ»፣ «ከፍተኛ» ይላል። «አልተጠበቀም» ብሎ ጽፎም ሕጋዊ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ማንም ሰው ትልቅ ገንዘብ በመለያው ውስጥ አያሳድር።

ግን ኪሳራ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። በየሳምንቱ የሚያጋጥመው ሌላ ነው፦ አሸንፈሃል፣ ድርጅቱ አለ፣ ገንዘብም አለው፣ ለአንተ ግን አልከፍልም ይላል። ፈቃድ ባለው ቤት ላይ ቅሬታ ታስገባለህ። በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልፈታልህ ወይም የመጨረሻ መልሱ ካልጣመህ ጉዳዩን እንደ አይባስ ወዳለ ገለልተኛ አስማሚ ትወስደዋለህ፤ ለአንተ በነጻ ነው። ሁልጊዜ ለደንበኛው ይፈርዳል አልልህም፤ ውሉ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነገር ጥሰህ ከሆነ ትሸነፋለህ። ሆኖም ፋይልህን የሚያነብ ሦስተኛ ሰው አለ።

በኩራሳዎ በኩል ሕጉ መሻሻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጥጥሩ ጠበቅ ሲል ብዙዎቹ ወዴት ዞሩ? ወደ አንጁዋን። ከኮሞሮስ ደሴቶች አንዷ ናት። እዚያ ቅሬታህን ተቀብሎ የሚያይልህ ማን እንደሆነ አንተው ንገረን። ዳኛና ዋስ በሌለበት ዕቁብ ውስጥ ትገባለህ? ዕጣው ሲደርስህ ሰብሳቢው ስልኩን ቢዘጋብህ ለማን ትናገራለህ?

የብሪስቶል ተማሪ

እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ከእነዚህ ድረ ገጾች አንዳንዶቹን በፕሪሚየር ሊግ ቡድኖች ማሊያ ላይ አይተናቸዋል። ሕጋዊ ካልሆኑ እንዴት እዚያ ደረሱ? ደግሞ እኔ ገና 25 ስላልሞላኝ በስሎት ላይ የተፈቀደልኝ 2 ፓውንድ ነው። ጓደኞቼ በቪፒኤን፣ ያሉበትን አገር በሚደብቀው ፕሮግራም እየገቡ ባሕር ማዶ ይጫወታሉ።

ሰባት እህቶች

ስለ ማሊያው፦ በሌላ ኩባንያ ፈቃድ ሥር የሚሠሩ ስሞች ነበሩ። የውጭው ድርጅት ስሙን ያመጣል፤ ፈቃዱ ግን እዚህ ያለ የሌላ ድርጅት ነው። ብዙዎቹ ዋና ገበያቸው እስያ ስለሆነ የሚፈልጉት የእንግሊዝን ደንበኛ ሳይሆን የእንግሊዝን ካሜራ ነበር። ከእነዚህ ባለ ፈቃዶች አንዱ፣ ቲጂፒ ዩሮፕ የሚባለው፣ ሜይ 2025 ላይ 3.3 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቶ ከብሪታንያ ገበያ ወጣ። ኮሚሽኑም ፈቃድ የሌለውን ስም ማስተዋወቅ ወንጀል መሆኑን ለቡድኖቹ አስጠነቀቀ። ቡድኖቹ ራሳቸው ከ2026/27 የውድድር ዘመን ጀምሮ የቁማር ስም ከማሊያ ፊት ለፊት ለማንሳት ተስማምተዋል። እጅጌው ላይ ግን ይቀራል፤ ይህን ስም ማጽዳት ካልነው ነው።

ስለ ቪፒኤኑ የሚያውቅ ይመልስልህ።

የቁጥር ሰው

እኔ ልመልስ። ከባሕር ማዶ ካሲኖዎች ብዙዎቹ በውላቸው ውስጥ የማይቀበሏቸውን አገሮች ይዘረዝራሉ፤ ብሪታንያ አለችበት። ስታስገባ ማንም አይከለክልህም። ስትሸነፍም ማንም ቪፒኤን ተጠቅመሃል አይልህም። ስታሸንፍ ብቻ ፓስፖርትህንና የቤት አድራሻህን ይጠይቁሃል፤ አድራሻህ ብሪስቶል ይላል፤ «ውል ጥሰሃል» ተብለህ ያሸነፍከው ይሰረዛል። ውሉን ስላጠፋህ ደግሞ ለማንም መናገሪያ የለህም። ገንዘቡ በመለያህ ላይ ይታያል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«መታወቂያ አይጠይቁም» የሚለውም በዚሁ ይታረም። ይጠይቃሉ። የሚጠይቁት ግን ሲያሸንፉህ ሳይሆን ስታሸንፋቸው ነው። ያኔ የፓስፖርትህን ቅጂ ማን እንደሆነ ለማታውቀው ሰው ትልካለህ።

ከሊድስ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የሁላችሁም ክርክር መቼ እንደሚከፈላችሁ ነው። ማቆም የፈለገ ሰው ነገር አልተነሳም።

ወንድሜ ጋምስቶፕ ላይ ተመዝግቧል። ለማታውቁት፣ በነጻ ነው። ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት ራስህን ታግዳለህ፤ ጊዜው ሳይደርስ ማንሳት አይቻልም። ከማርች 2020 መጨረሻ ጀምሮ የብሪታንያ ፈቃድ ያለው የኦንላይን ቤት ሁሉ እንዲቀበለው ተገዷል። አንድ ጊዜ ትመዘገባለህ፣ ሁሉም ይዘጉብሃል። ወንድሜም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ መተኛት ጀመረ፤ እናታችንም እፎይ አለች።

ከዚያ አንድ ሌሊት ኢንተርኔት ላይ «ከጋምስቶፕ ውጭ የሆኑ ካሲኖዎች» የሚል ዝርዝር አገኘ። አስቡት፤ ራሱን ያገደ ሰው ብቻ ነው ይህን ቃል የሚፈልገው። ማስታወቂያው የተጻፈው ለእሱ ነው፤ ለማቆም ለሚታገል ሰው ታስቦ። ዝርዝሩን የሚያወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ካሲኖው ከላኩለት ሰው ኪሳራ ላይ ድርሻ ይከፈላቸዋል። ባንኩ የቁማር ክፍያ እንዲያግድ አድርገን ነበር። ሞንዞ የተባለው ባንክ ከ2018 ጀምሮ ይህን አገልግሎት ይሰጣል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ባንኩ ቁማርን የሚለየው በክፍያው መለያ ቁጥር ስለሆነ ፈቃድ ያለው ቤት ይያዛል። የባሕር ማዶው ግን በመግለጫው ላይ የልብስ ሱቅና የኮምፒውተር አገልግሎት እየመሰለ ገባ። ክሬዲት ካርድም ተቀበሉት። መጨረሻ ላይ የያዘለት ስልኩ ላይ የጫንነው ጋምባን የሚባል ማገጃ ነው፤ እሱ ድረ ገጹን ነው የሚዘጋው እንጂ ክፍያውን አይደለም።

ደሴተኛው፣ አዋቂ ሰው እንደ ሕፃን ተያዘ አልክ። አዋቂ ሰው «እሰሩኝ» ብሎ ሲጠይቅ የሚያከብርለት የትኛው ነው?

ደሴተኛው

እህቴ፣ በወንድምሽ ላይ የደረሰው ያሳዝናል። ያንን ዝርዝር የሚያወጡ ሰዎች ላይ የምትይው ሁሉ ይገባቸዋል። እኔ የምናገረው ግን ራሱን ስላላገደና ችግር ስለሌለበት ሰው ነው። ለጥቂቶች ሲባል ሁሉም መታጠር አለበት? ይህ ጥያቄ አልተመለሰም።

ከሊድስ

ወንድሜም ችግር ያለበት እስኪሆን ድረስ ችግር የሌለበት ሰው ነበር።

የቀድሞ መምህር

ልጆቼ፣ እኔ ቁማር ነውር ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሃሳቤን አልለውጥም። ሆኖም እዚህ አገር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ይህ ክርክር አዲስ እንዳልሆነ ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረስ የሚወራረድ ሰው ውርርዱ ላይ 9 በመቶ ለቀረጥ ይቆረጥበት ነበር። በ1999 ቪክቶር ቻንድለር የተባለው አወራራጅ ሥራውን ወደ ጂብራልታር አዞረ። ደንበኛው በስልክ እየደወለ ተከተለው፤ ሌሎች ድርጅቶችም ተከተሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን ቀረጡ አገር ለቆ መሄዱን ሲያዩ በኦክቶበር 2001 ከተወራራጁ ላይ አንስተው በድርጅቱ ትርፍ ላይ ጣሉት። ጥቂት ቆይቶ በ2009 እነ ላድብሮክስና ዊልያም ሂል የኦንላይን ሥራቸውን ወደ ጂብራልታር ወሰዱ። እህቴ ሰባት እህቶች የጠቀሰችው የ2014 ሕግ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ቀረጡ 40 ሲሆን ውሃው ወደየት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። መንግሥት ራሱ ሰውን ወደ ውጭ ይገፋል የሚለውን ወቀሳ ከደሴተኛው አልነጥቅም።

ልዩነቱ ይህ ነው። ያኔ ወደ ጂብራልታር የሄደው ሰው ስሙ የታወቀ፣ ሊከሰስ የሚችል አወራራጅ ነበር። የዛሬው ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ስለ ክስ ካነሳሁ አይቀር፣ ከ1845 ጀምሮ በወጣ ሕግ የቁማር ገንዘብ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት አይጠየቅም ነበር። አወራራጁ ካልከፈለህ ክብሩን ከመንካት ሌላ መንገድ አልነበረህም። ይህ የቀረው የ2005ቱ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል በሴፕቴምበር 2007 ነው። ዛሬ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እስከ 10 ሺህ ፓውንድ ያለ ጠበቃ በአነስተኛ ክርክሮች ችሎት መጠየቅ ይቻላል። ፈቃድ ያለውን ቤት ከሰህ መጥሪያ የምታደርስበት አድራሻ አለ። ለሌላው ፖስታውን ለማን ትልከዋለህ?

አወያይ

የካሲኖ አድራሻና «የእኔን መግቢያ ተጠቀሙ» የሚል ማስፈንጠሪያ የያዙ አስተያየቶች ተነስተዋል። እዚህ ክር ላይ የካሲኖ አድራሻ አይለጠፍም፤ ፈቃድ ያለውም ቢሆን። ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ እርዳታ የሚፈልግ ሰው በብሪታንያ ብሔራዊ የቁማር እርዳታ መስመር 0808 8020 133 በነጻ ይደውል፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። በእንግሊዝ የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ የቁማር ክሊኒኮችም አሉ። በእንግሊዝኛ መናገር የሚከብደው ሰው አስተርጓሚ እንዲያገኙለት ከመጀመሪያው ይጠይቅ።

የሌሊት ሾፌር

ጋሼ፣ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። እህቴ ከሊድስ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ያበርታልን።

ቁጣዬ አልበረደም፤ የባንክ መግለጫዬን አንድ የማላውቀው ልጅ ቁጭ ብሎ ሲያነበው ማሰብ ይከብደኛል። የቤተ ክርስቲያን መዋጮዬን፣ ወደ አገር ቤት የምልከውን ሁሉ ያያል። ግን የቪፒኤኑና የአድራሻው ነገር አስደንግጦኛል። ባልደረባዬ የሚጫወትበትን ውል ከፍቼ አነበብኩት፤ ከተከለከሉት አገሮች መካከል ብሪታንያ አለች። ስነግረው «እኔን እስካሁን ከፍለውኛል» አለኝ። ስንት እንዳወጣ ስጠይቀው ወሬ ቀየረ።

አሁን ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንድ ድረ ገጽ ፈቃድ አለኝ ሲል እውነት መሆኑን እንዴት አጣራለሁ? ሁለተኛ፣ የ5 ፓውንዱ ወሰን ብላክጃክንም ይነካል?

ሰባት እህቶች

የመጀመሪያውን ልመልስ። በድረ ገጹ ግርጌ የድርጅቱ ስምና የፈቃድ ቁጥር መኖር አለበት። ምልክቱን ብቻ አትመን፤ ሥዕል ማንም ይገለብጣል። በእሱ በኩልም አትግባ። ራስህ የቁማር ኮሚሽኑን ድረ ገጽ ክፈትና በይፋዊ መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ፈልግ። ሦስት ነገር ተመልከት፦ የድርጅቱ ስም አንድ መሆኑን፣ ፈቃዱ ያልታገደ መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ የምትጫወትበት አድራሻ በድርጅቱ ሥር ከተመዘገቡት መካከል ፊደል በፊደል መኖሩን። የታወቀ ቤትን ስም ወስደው አንዲት ፊደል ቀይረው የሚሠሩ አሉ። ሳትጠይቅ በክሪፕቶ ወይም በክሬዲት ካርድ ክፈል ካለህ ግን መዝገቡን መክፈትም አያስፈልግህም፤ ከዚያ ቤት ራቅ።

ስለ መግለጫው፦ የመዋጮህን መስመር ሸፍነህ መላክ ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃቸው። እኔ የሠራሁበት ቤት ገቢው እስከታየ ድረስ ለአንዳንዶች ይፈቅድ ነበር፤ ሌላው ቤት እምቢ ሊል ይችላል። እምቢ ካሉህ ሌላ ፈቃድ ያለው ቤት መሄድ ትችላለህ፤ ይህን ለመሸሽ ኮሞሮስ ድረስ መሄድ የለብህም። የቤት መግዣ ብድር የመጠየቅ ሐሳብ ካለህ ደግሞ ባንኩም ያንኑ መግለጫ እንደሚያነብ፣ የቁማር መስመሮችን ሲያይም እንደሚጠይቅ እወቅ።

የቁጥር ሰው

ሁለተኛው፦ አይነካም። የ5 ፓውንዱ ወሰን ከኤፕሪል 9 ቀን 2025፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት የ2 ፓውንዱ ከሜይ 21 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠሩት በኦንላይን ስሎት ላይ ብቻ ነው። ብላክጃክና ሩሌት በዚህ አልተካተቱም። ስለዚህ ከነገሩ ግማሹ መጀመሪያውኑ አንተን አይመለከትም ነበር።

ደሴተኛው

ለእኔም አንድ ጥያቄ። ውሉ ላይ ብሪታንያ ተከልክላለች የሚለውን እኔም ዛሬ አየሁት። መለያዬ ውስጥ ያለውን አሁን ላውጣ ወይስ ዝም ልበል?

ሰባት እህቶች

አሁን አውጣ። ሁሉንም፣ ዛሬውኑ፣ ሌላ ውርርድ ሳትጨምር። ከዚያ በፊት የመለያህን ገጽ፣ የውሉን ቅጂና እስካሁን የተጻጻፍከውን ሁሉ ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ።